ጥርስን በአላይነር ስለ ማቅናት

የሰው ጥርስ እንደ ግንብ ድንጋይ አንድ ጊዜ ከተተከለ በኋላ ከቶ የማይናወጥ መስሎ ይታየናል፤ እውነቱ ግን ሌላ ነው። በጥርሱ ሥርና ሥሩን አቅፎ በያዘው ዐፅም መካከል፣ ውፍረቱ የአንድ ሚሊ ሜትር ሩብ ያህል ብቻ የሆነ ሕያው ጅማት አለ፤ በጥርሱም ላይ ለስላሳ ነገር ግን ጸንቶ የሚቆይ ግፊት ባረፈበት ጊዜ፣ ጅማቱ በተጨመቀበት ወገን ያሉት ሕዋሳት ዐፅሙን ቀስ በቀስ ሲንዱት፣ በተሳበበት ወገን ያሉት ደግሞ አዲስ ዐፅም ሲያንጹ፣ ጥርሱ ሥሩን ሳይለቅ ከነበረበት ስፍራ ወደ ሌላ ስፍራ ይሄዳል። ጥርስን የማቅናት ጥበብ ሁሉ መሠረቱ ይኸው ነው፤ ብሬስ የሚባለው ሽቦም ሆነ አላይነር የሚባለው ግልጽ ልባስ ከዚህ የተለየ ኃይል የለውም።

ሁለቱን የሚለያቸው ሌላ ነገር ነው። ሽቦው በጥርስ ላይ ተለጥፎ ስለሚኖር፣ ባለቤቱ ቢተጋም ቢሰንፍም፣ ቢተኛም ቢነቃም ሥራውን ይሠራል፤ አላይነር ግን የሚለበስና የሚወልቅ በመሆኑ፣ የሚሠራው በአፍ ውስጥ ባለበት ሰዓት ብቻ ነው። ስለዚህ አላይነርን የመረጠ ሰው የሐኪሙን ሥራ እኩሌታ በራሱ ትከሻ ላይ መሸከሙን አስቀድሞ ይወቅ። እኔ በጎልማሳነቴ ይህን ሕክምና ተቀብዬ እስከ መጨረሻው ያደረስሁ ሰው ስሆን፣ በመንገዱ ላይ ያገኘሁትንና ከሐኪሞች የተማርሁትን፣ ሌላው አንባቢ ካለማወቅ የተነሣ ጊዜውንና ገንዘቡን እንዳይከስር በማሰብ፣ በተራ በተራው አስቀምጣለሁ።

ነገሩ ዛሬ እንግዳ ቢመስልም አሳቡ የቆየ ነው። አሜሪካዊው ሐኪም ሃሮልድ ኬስሊንግ በ1945 እ.ኤ.አ. ከጎማ የተሠራ የጥርስ ልባስ አሳውቆ፣ ጥርስ በተከታታይ ልባሶች ጥቂት በጥቂት ሊሄድ እንደሚችል አመልክቶ ነበር፤ ሆኖም ለእያንዳንዱ እርምጃ የጥርሱን አምሳል በእጅ እየቆረጡ መልሶ መደርደር እጅግ አድካሚ ስለ ነበረ፣ ኮምፒውተር እስኪረዳው ድረስ አሳቡ ተኝቶ ቆየ። በ1997 እ.ኤ.አ. በስታንፎርድ ዩኒቨርሲቲ የተማሩት ዚያ ቺሽቲና ኬልሲ ዊርዝ በካሊፎርኒያ የመሠረቱት ኩባንያ ኢንቪዛላይን የተባለውን አላይነር ይዞ ብቅ ካለ ወዲህ፣ ብዙ ሌሎች ኩባንያዎች ተከትለዋል። አሠራሩ በሁሉም ዘንድ ተመሳሳይ ነው፤ ይኸውም የአፉ ቅርጽ በካሜራ ወይም በሻጋታ ከተወሰደ በኋላ፣ ከዛሬው አቀማመጥ እስከሚፈለገው ድረስ ያለው ጉዞ በኮምፒውተር በትንንሽ እርምጃ ይከፋፈላል፤ ለእያንዳንዱም እርምጃ የጥርስ አምሳል ታትሞ፣ ከ1 ሚሊ ሜትር የሳሳ ፕላስቲክ በሙቀት ለስልሶ ይለበጥበታል። አንዱ ልባስ አንድን ጥርስ የሚያንቀሳቅሰው ቢበዛ እስከ 0.25 ሚሊ ሜትር ያህል ነውና፣ ሕክምናው ስለ ምን በወራት እንደሚቈጠር አንባቢ ከዚህ ይረዳል።

አስቀድመው ራስዎን ይመርምሩ

ወደ ሐኪም ከመሄድዎ በፊት በብርሃን ፊት መስተዋት ይዘው ይቀመጡና፣ ሊለወጥ የሚሹት በእውነት ምን እንደ ሆነ ለራስዎ በግልጽ ይናገሩ። በአገራችን የፊት ጥርስ ፍንጭት የውበት ምልክት ሆኖ ሲወደስ የኖረ ነው፤ ኮምፒውተሩ ግን ይህን አያውቅምና፣ ካልነገሩት በቀር ክፍተትን ሁሉ እንደ ጉድለት ቈጥሮ ይገጥመዋል። ፍንጭትዎን የሚወዱት ከሆነ «ይህችን እንዳለች ተውልኝ፤ የታችኞቹን የተደራረቡትን አቅናልኝ» ብሎ መናገር የታካሚ መብት ነው። ከእናቴ የወረስኋትን ፍንጭት በዚህ ዓይነት አስቀርቻታለሁና፣ ውሳኔዬን አንድም ቀን አልተጸጸትሁበትም።

አላይነር በይበልጥ የሚስማማው ጥርሳቸው በመጠኑ ለተደራረበ፣ በመጠኑ ለተራራቀ ወይም በጥቂቱ ለተጣመመ ሰዎች ነው። የላይኛውና የታችኛው መንጋጭላ ዐፅም ራሱ አልመጣጠን ያለ እንደ ሆነ ግን፣ አካለ መጠን ባደረሰ ሰው ላይ ጥርስን ብቻ በማንቀሳቀስ አይቃናም፤ ቀዶ ሕክምና ሊያስፈልግ ይችላል። እንዲሁም ክብ ቅርጽ ያላቸውን ጥርሶች፣ ይልቁንም ክራንቻን፣ አብዝተው የዞሩ ከሆነ መልሶ ማዞር፣ ጥርስ ተነቅሎ የተፈጠረን ሰፊ ክፍተት ሥሩ ቀጥ እንዳለ መዝጋት፣ ለአላይነር ከባድ ሥራዎች ናቸው፤ ሐኪሙም በዚህ ምክንያት «ለእርስዎ ሽቦው ይሻላል» ቢልዎት፣ ስለ እውነተኛነቱ ያመስግኑት እንጂ ሌላ እሺ ባይ ፍለጋ አይዙሩ።

በተለይ ለእኛ አገር ሰው የሚነገሩ ሁለት ነገሮች አሉ። የመጀመሪያው፣ ሕፃን ልጅ ሲያተኩሰው ወይም ሲያስቀምጠው ከድዱ እብጠት የመጣ ነው በማለት፣ ድዱን ቀድዶ ገና ያልበቀለውን የክራንቻ ፍሬ የማውጣት ጎጂ ልማድ ነው። ይህ የተፈጸመበት ልጅ ካደገ በኋላ ቋሚው ክራንቻ ተበላሽቶ ወይም ያለ ስፍራው ሊበቅል፣ አንዳንድ ጊዜም ፈጽሞ ሊቀር ይችላል፤ ከኢትዮጵያ ወደ እስራኤል በገቡ የቤተ እስራኤል ልጆች ላይም የጥርስ ሐኪሞች ይህንኑ ጠባሳ ተመልክተው ጽፈዋል። በልጅነትዎ ይህ ተደርጎብዎት እንደ ሆነ ወላጆችዎን ወይም ያሳደጉዎትን ጠይቀው ለሐኪሙ ይንገሩ፤ የጎደለው ጥርስ ስፍራ ይዘጋ ወይስ ለሰው ሠራሽ ጥርስ ይጠበቅ የሚለው ውሳኔ ከሁሉ በፊት መቆረጥ አለበትና። ሁለተኛው፣ በስምጥ ሸለቆ አካባቢ ፍሎራይድ የበዛበትን የጉድጓድ ውኃ እየጠጡ ያደጉ ሰዎች ጥርስ ነገር ነው። የዓለም የጤና ድርጅት ለመጠጥ ውኃ የወሰነው ልክ በሊትር 1.5 ሚሊ ግራም ሲሆን፣ ከዚህ እጅግ የሚያልፍ ውኃ የሚቀዳባቸው ስፍራዎች በሸለቆው ውስጥ አሉ። በዚህ የተነሣ የመጣውን ቡናማ ቀለም አላይነር አያነጻውም፤ ልባሱ ጥርሱን እንዲጨብጥ በጥርሱ ላይ የሚለጠፉትም ትንንሽ ነጥቦች በእንዲህ ያለው ጥርስ ላይ አያያዛቸው ሊላላ ይችላልና፣ ሐኪሙ አስቀድሞ ያስብበት።

ሐኪሙን ስለ መምረጥ

ጥርስን የማቅናት ሙያ ኦርቶዶንቲክስ ይባላል፤ ከጥርስ ሕክምና ትምህርት በኋላ ለብቻው የሚጠና ከፍተኛ ትምህርት ነው። ስለዚህ ስለ ዋጋ ከመነጋገርዎ በፊት ሕክምናውን የሚመራው ኦርቶዶንቲስት መሆን አለመሆኑን፣ ካልሆነም በዚህ ሥራ ምን ያህል ልምድ እንዳለው፣ ያለ እፍረት ይጠይቁ። በየስንት ሳምንቱ እንደሚያይዎት፣ ጥርሱ እንደ ታቀደው ባይሄድ ተጨማሪ ልባስ በዋጋው ውስጥ መኖሩን፣ ጥርሱ ወደ ቀድሞ ስፍራው እንዳይመለስ በመጨረሻ የሚለበሰው ሪቴይነር ለብቻው የሚከፈልበት መሆን አለመሆኑን፣ ወደ ሌላ አገር ቢሄዱ የሕክምናዎን መዝገብ ይሰጥዎት እንደ ሆነ ይጠይቁና፣ መልሱን በጽሑፍ ይቀበሉ።

ራጅ ሳያስነሣ፣ ድድዎንም በመሣሪያ ሳይለካ አላይነር ልዘዝልዎት የሚልዎትን ሰው ትተው ይውጡ። ይህን አጠንክሬ መናገሬ ያለ ምክንያት አይደለም፤ ከላይ ነጭና ጤነኛ የሚመስል ጥርስ ከሥር ዐፅሙ ተበልቶ፣ ወይም ያልወጣ የመንጋጋ ጥርስ ከጎኑ ተጋድሞበት ሊገኝ ይችላል፤ በታመመ ድድ ላይ የተቀመጠን ጥርስ መግፋትም የተረፈውን ዐፅም ማጥፋት ነው። በተመሳሳይ ምክንያት፣ ሻጋታውን በቤትዎ ራስዎ ወስደው በፖስታ ልከው፣ ሐኪም ፊት ሳይቀርቡ ልባሱን የሚቀበሉበትን መንገድ አልመክርም። ስማይል ዳይሬክት ክለብ የተባለው የአሜሪካ ኩባንያ በዚህ ዓይነት ብዙ ደንበኞችን ሲያስተናግድ ቆይቶ፣ በዲሴምበር 2023 እ.ኤ.አ. በድንገት ሥራውን ባቆመ ጊዜ፣ በሕክምና መካከል የነበሩት ሰዎች ወደ ማን እንደሚሄዱ ግራ ገብቷቸው ቀርተዋል። በዋሽንግተን ወይም በዱባይ የሚኖር ዘመድ በቅን ልቦና «እኔ ገዝቼ እልክልሃለሁ» ቢልም፣ የሚያስፈልግዎት ፕላስቲኩ ሳይሆን የሚመራው ዓይን ነውና፣ ያንኑ ገንዘብ በአጠገብዎ ላለ ሐኪም እንዲያደርገው ይለምኑት።

ሐኪሙን ካገኙ በኋላ የተቦረቦረው ይሞላል፣ ጥርሱ ይታጠባል፣ ድዱ ከደማ ይታከማል። የሚወስዱትን መድኃኒት ሁሉ ይንገሩ፤ ለዐፅም መሳሳት የሚሰጡ አንዳንድ መድኃኒቶች የጥርስን ጉዞ ያዘገያሉና። ስኳር በሽታ፣ እርግዝና፣ ሲጋራም የሚሰወር ነገር አይደለም። በዐፅም ውስጥ የተተከለ ሰው ሠራሽ ጥርስ ካለዎት፣ እርሱ ጅማት ስለሌለው ከቶ እንደማይንቀሳቀስ ዕቅዱ ያገናዝብ።

ዕቅዱን ስለ ማንበብ

ሐኪሙ በኮምፒውተር ላይ ጥርስዎ ከዛሬው ቦታ ተነሥቶ ወደ ፍጻሜው ሲሄድ ያሳይዎታል። ይህ ሥዕል አሳብን እንጂ ኪዳንን አያሳይም፤ ሕያው ዐፅም እንደ ሥዕሉ በትክክል አይታዘዝምና። ሆኖም ሦስት ነገሮችን ከእርሱ ያንብቡ። አንደኛ፣ ልባሶቹ ስንት እንደ ሆኑና እያንዳንዱ ስንት ቀን እንደሚለበስ። ሁለተኛ፣ አታችመንት የሚባሉት የጥርስ ቀለም ያላቸው ትንንሽ ነጥቦች በየትኞቹ ጥርሶች ላይ እንደሚለጠፉ፤ ልባሱ ጥርሱን ጨብጦ እንዲያዞር ወይም እንዲስብ የሚያደርጉት እነርሱ ናቸው፤ ከፊት ጥርስ ላይ ከሆኑም ቀርቦ ለሚያይ ሰው ይታያሉ። ሦስተኛ፣ ስፍራ ለማግኘት ሲባል ጥርስና ጥርስ በሚነካኩበት ጎን ማሳሳት ይደረግ እንደ ሆነ። ይህ በአንድ መገናኛ ከ0.5 ሚሊ ሜትር ባልበለጠ ልክ የሚደረግና በአግባቡ ከተሠራ የማያሳምም ነው፤ የጥርሱ ገለፈት ግን ተመልሶ ስለማይበቅል፣ የት የት እንደሚደረግ ማወቅ ይገባዎታል።

ለጎልማሶች አንድ ማስጠንቀቂያ ልጨምር። ለብዙ ዘመን ተደራርበው የኖሩ የፊት ጥርሶች ሲቃኑ፣ በመካከላቸው ከድዱ በላይ ጥቁር የምትመስል ትንሽ ሦስት ማዕዘን ክፍተት ልትታይ ትችላለች፤ ይኸውም ድዱ ስፍራውን ሞልቶ ስለማያውቅ ነው። ሐኪሙ በጥቂቱ በማሳሳት ሊያጠባት ይችላል፤ አስቀድሞ ያልተነገረው ሰው ግን ጥርሱ የተበላሸ መስሎት ይደነግጣል።

የመጀመሪያው ሳምንት

ልባሱን ሲያገቡ ከፊት ጥርሶች ይጀምሩና በሁለት ጣት ወደ መንጋጋዎቹ እየገፉ ይጫኑት፤ ነክሶ ማስገባት ልባሱንም ነጥቦቹንም ይሰብራል። ሲያወልቁ ደግሞ ከኋለኛው መንጋጋ በውስጥ በኩል በጣት ጫፍ ስበው፣ አንዱን ጎን ከዚያም ሌላውን አላቅቀው፣ በመጨረሻ ከፊት ያውጡት። አዲስ ልባስ ሁልጊዜ በማታ፣ ከመኝታ በፊት ይልበሱ፤ የበረታው ግፊት በእንቅልፍ ያልፋልና። ለ2 ወይም ለ3 ቀን የመጨመቅና የመታመም ስሜት ይኖራል፤ ሐኪሙ ከፈቀደ ፓራሲታሞል ይበቃል። ጠርዙ ምላስ ወይም ከንፈር ከጫረ፣ በጥፍር ሞረድ በጥቂቱ ማለስለስ ይቻላል። ነገር ግን ከንፈር ወይም ምላስ ቢያብጥ፣ ወይም ከድድ መግል ቢወጣ፣ ልባሱን አውልቀው ሳይውሉ ሳያድሩ ወደ ሐኪም ይሂዱ።

ንግግርም በመጀመሪያ ቀናት ይኮላተፋል፤ በተለይ «ሰ»፣ «ሸ»ና «ዘ» እንደ ቀድሞው አይወጡም። መምህር፣ ዲያቆን ወይም የሬዲዮ ሰው የሆነ ታካሚ ይህን አስቦ የሚጀምርበትን ቀን ይምረጥ። የምላስ መድኃኒቷ ልምምድ ናት። እኔ ልባሱን ለብሼ ማለዳ ማለዳ ዳዊት ድምፄን ከፍ አድርጌ ስደግም፣ በአምስተኛው ቀን ከቤተሰቤ የአነጋገሬን ለውጥ የሚያስተውል አልነበረም፤ ዳዊት የማይደግም ሰው ጋዜጣ ቢያነብ ያው ነው።

ስለ 22 ሰዓት

ወደ ዋናው ነገር ደርሰናል። ሐኪሞች አላይነር በቀን ከ20 እስከ 22 ሰዓት በአፍ ውስጥ እንዲውል ያዝዛሉ፤ እኔ 22 ቱን ይያዙ እላለሁ፤ 20 ን ያለመ ሰው ሳያውቀው 17 ላይ ይገኛልና። ምክንያቱም ከላይ የተነገረው የዐፅም ሥራ ነው፤ ግፊቱ በተቋረጠ ቍጥር ጥርሱ ወደ ቀድሞ ስፍራው ያዘነብላል፣ ልባሱም ሲመለስ ያንኑ መንገድ ደግሞ ይጀምራል። በገዳም ሰዓታቱን እንደሚጠብቅ መነኰስ ሰዓቱን ያልጠበቀ ታካሚ ሕመሙን ይሸከማል እንጂ ፍሬውን አያገኝም።

እንግዲህ ሁለቱን የቀሩ ሰዓታት እንደ ገንዘብ እንቍጠራቸው። ቁርስ 20 ደቂቃ፣ ምሳ 30፣ እራት 30፣ ከየማዕዱ በኋላ ጥርስ ለመፋቅና ልባሱን ለማጠብ 5 ጊዜ 3፣ ማለትም 15 ደቂቃ፤ ድምሩ 95 ይሆናል። የቀረችዎት 25 ደቂቃ ብቻ ናት። የአገራችን ሰው በዚህ ስፍራ የሚገጥመው ፈተና ቡና ነው። ልባሱን ለብሶ ቡና መጠጣት አይገባም፤ ትኩሱ ፕላስቲኩን ያጣምመዋል፣ ቀለሙ ያጠይመዋል፣ ስኳሩም ከልባሱ ሥር ገብቶ ምራቅ ሊያጥበው በማይችልበት ስፍራ ጥርሱን ሲያበሰብስ ይውላል። ነገር ግን ቡናው ተቆልቶ፣ ተወቅጦ፣ አቦል ቶና በረካ እስኪባል ድረስ አውልቆ መቀመጥም ከአንድ ሰዓት በላይ ያስከፍላል። ያገኘሁት መፍትሔ ይህ ነው፤ ቡናው ምሳ ወይም እራት ሲያበቃ እንዲደርስ ማድረግ፣ አቦልን ከማዕዱ ጋር አያይዞ መጠጣት፣ ከዚያም ተነሥቶ ጥርስን ፍቆ ልባሱን መልበስና፣ በቶናውና በበረካው ጊዜ ሳይጠጡ ከጨዋታው አለመለየት። ባለቤቲቱ ቅር እንዳይላት ነገሩን አስቀድሞ ማስረዳት ይገባል፤ የሐኪም ትእዛዝ መሆኑን የሰማች እመቤት አስጨንቃ አታስጠጣም። በልባሱ የሚጠጣው ንጹሕ ያልሞቀ ውኃ ብቻ ነው፤ ሻይ፣ ለስላሳ፣ ጠላና ጠጅ ሁሉ ከቡናው ጋር አንድ ፍርድ አላቸው። ጫት የሚቅም ሰው ደግሞ፣ ቅጠሉ በጉንጭ ውስጥ ለብዙ ሰዓት ስለሚቆይ፣ ከሁለቱ አንዱን መምረጥ አለበት፤ ሁለቱን አጣምሮ የሚያስኬድ መንገድ አላየሁም።

ለሚጾም ሰው ጾም ረዳት ሊሆነው ይችላል። በዐቢይ ጾም እስከ 9 ሰዓት የሚቆይ ታካሚ የማዕዱ ብዛት ስለሚቀንስ፣ 22 ቱን ሰዓት ያለ ድካም ይሞላል፤ ሕክምናዬ እጅግ የተሳካው በዚያ ወራት ነበር። አፍ በጾም ሲደርቅ ግን ምራቅ ያንሳልና፣ ማለዳ ልባሱንም ጥርሱንም አጥርቶ ማጽዳት ያስፈልጋል። ሥጋ ወደሙ የሚቀበል ሰው ከቅዳሴው በፊት አውልቆ በመያዣው ያኑረው፤ ከዚያ በኋላ ስለሚመለስበት ሰዓት የንስሐ አባቱን ይጠይቅ። በረመዳን የሚጾም ሙስሊም ደግሞ ከኢፍጣር እስከ ሱሁር ያለው ሌሊት በመብልና በመጠጥ ተቀጣጥሎ እንዳያልፍበት፣ ከኢፍጣር በኋላ ጥርሱን ፍቆ ይልበስ፣ ለሱሁር ያውልቅ፣ እንደገና ይልበስ።

አንድ ቀን ሰዓቱ ቢጎድል በማግስቱ አብልጦ በመልበስ ማካካስ አይቻልም፤ ቀን ከ24 ሰዓት አይበልጥምና። በዚያ ፋንታ ያንኑ ልባስ አንድ ቀን ጨምረው ይልበሱት።

መያዣውንና ንጽሕናውን ስለ መጠበቅ

ዳዊት ማኅደር እንዳለው ሁሉ አላይነርም ከእርስዎ የማይለይ መያዣ ሊኖረው ይገባል፤ ከአፍ የወጣ ልባስ ከመያዣው በቀር ሌላ ስፍራ የለውም። ይህን የተማርሁት በአንድ ሰርግ ላይ ነው። ዘጠነኛውን ልባስ በሶፍት ጠቅልዬ ከሳህኔ አጠገብ አኖርሁት፤ ጨዋታ ይዞኝ ሳለ አስተናጋጁ ሳህኑን ከነሶፍቱ አነሣው፤ የተመለከትሁት ማዕዱ ሁሉ ተጠርጎ ከተጣለ በኋላ ነበር። በዚያው ሌሊት ስምንተኛውን መልሼ ለበስሁና በማግስቱ ሐኪሜን ጠየቅሁት፤ አዲስ ልባስ ተሠርቶ እስኪመጣ ድረስ ሦስት ሳምንት ስምንተኛውን ለብሼ ቆየሁ። ስለዚህ ያለፈውን ልባስ ቢያንስ እስከ ሚቀጥለው ድረስ አይጣሉት፤ የጠፋብዎት እንደ ሆነም ወደ ኋላ ይመለሱ ወይም ወደ ፊት ይለፉ ብሎ የሚወስነው ሐኪሙ ነው፤ በምንም ምክንያት ግን ባዶ አፍዎን አይቀመጡ።

ልባሱ ለስላሳ ብሩሽና ቀለም በሌለው ሳሙና፣ ለብ ባለ ውኃ ይታጠባል። የፈላ ውኃ ቅርጹን ያበላሸዋል፤ በረኪና ፈጽሞ አይነካው፤ ሸካራ የጥርስ ሳሙናም ይጭረዋል። እርድና በርበሬ የበዛበት ወጥ በልተው ሳያጸዱ ቢለብሱት፣ በሁለት ቀን ውስጥ ቢጫ ሆኖ ከሩቅ ይታያል። ከቤት ውጭ ሆነው ብሩሽ ቢያጡ አፍዎን በውኃ አጥብቀው ይጕመጥመጡና ልባሱን ይልበሱ፤ ቤት እንደ ደረሱ ይፍቁ። መፋቂያ የለመደ ሰው አይተወው፤ ነገር ግን ነጥቦቹ ባሉበት ስፍራ በእርጋታ ያሳልፈው፣ ለእነርሱ ለስላሳ ብሩሽ ይጨምር፤ ማታ ማታ ደግሞ በጥርሶች መካከል የጥርስ ክር ይሳብ። ድዷ የተነቀሰ ሴት የድድ መቅላት በቶሎ ላይታያት ስለሚችል፣ ምልክቷ ደም ይሁን፤ ስትፍቅ በተከታታይ ከደማች ለሐኪሟ ትንገር።

ልባስ ሲለወጥና ጥርስ ሳይከተል ሲቀር

እንደ ሐኪሙ ትእዛዝ በየ7 ቀኑ፣ በየ10 ቀኑ ወይም በየ14 ቀኑ ወደ ሚቀጥለው ልባስ ይተላለፋሉ። ቀኑን በራስ ፈቃድ ማሳጠር፣ ወይም አንዱን ዘልሎ ሌላውን መልበስ፣ ጥርሱ ያልሄደውን መንገድ እንደ ሄደ መቍጠር ነው። በመስተዋት የሚታይ ምልክትም አለ፤ በልባሱ ጠርዝና በጥርሱ ጫፍ መካከል ባዶ ክፍተት ከታየ፣ ያ ጥርስ ወደ ኋላ ቀርቷል። ያን ጊዜ ሐኪሙ የሚሰጥዎትን ለስላሳ ማኘኪያ በዚያ ጥርስ ላይ አኑረው፣ ልባሱን በለበሱ ቍጥር ከ5 እስከ 10 ደቂቃ ይንከሱት፤ ክፍተቱም እስኪጠፋ ድረስ ወደ ሚቀጥለው አይለፉ። ከጥቂት ቀን በኋላ ካልተገጠመ ወይም ነጥብ ከወደቀ ለሐኪሙ ይደውሉ።

ጥርስ በእጅ ሲነካ በመጠኑ መነቃነቁ፣ በመካከሉም ወራት ሲነክሱ የኋለኞቹ መንጋጋዎች በደንብ አለመነካካታቸው የሚያጋጥም ነው፤ ሁለተኛው ከፕላስቲኩ ውፍረት የመጣ ሊሆን ይችላል፣ ሐኪሙ ግን በየቀጠሮው ይመልከተው። የታዘዙት ልባሶች ሲያልቁ ሥራው ያላለቀ ሆኖ ቢገኝ አያዝኑ፤ እንደገና ቅርጽ ተወስዶ ተጨማሪ ልባስ መታዘዙ የተለመደ ነው። እኔም ከመጀመሪያው ዙር በኋላ፣ ላልዞረች አንዲት ክራንቻ ሲባል፣ ስምንት ጨምሬአለሁ።

ሪቴይነር

ጥርሱ ተቃንቶ፣ ነጥቦቹ ተነቅለው፣ መስተዋቱ ደስ በሚያሰኝበት ቀን ብዙ ሰው ሥራው የተፈጸመ ይመስለዋል፤ ከሁሉ የሚበልጠው ጥፋትም የሚደርሰው በዚህ ነው። በድዱ አጠገብ ጥርስን ከጥርስ የሚያያይዙት ጅማቶች እንደ አዲሱ አቀማመጥ እስኪደራጁ ድረስ እስከ አንድ ዓመት ሊፈጅባቸው ስለሚችል፣ የሚይዘው ያጣ ጥርስ ወደ ቀድሞው ስፍራው ይመለሳል። ስለዚህ ሐኪሙ ሪቴይነር የሚባለውን መጠበቂያ ልባስ ይሰጥዎታል፤ ለመጀመሪያዎቹ ወራት ቀንም ሌሊትም፣ ከዚያም በየሌሊቱ ይለበሳል። «እስከ መቼ?» ብለው ቢጠይቁ፣ ጥርስዎ ቀጥ ብሎ እንዲኖር እስከሚሹበት ቀን ድረስ ነው። ከፊት ጥርሶች ጀርባ የምትለጠፍ ቀጭን ሽቦም አለች፤ እርስዋ አትረሳም፣ ነገር ግን ቆሻሻ ስለሚከማችባትና አንዳንድ ጊዜ ሳትታወቅ ስለምትላቀቅ ቀጠሮ ትሻለች።

ጥቂት ሌሊት ዘንግተው ሪቴይነሩ ሲለበስ ቢጠብብዎት፣ ጥርሱ መሄድ መጀመሩ ነውና በየሌሊቱ ሳያቋርጡ ይልበሱ። ፈጽሞ አልገባ ካለ ግን በግድ አይጫኑት፤ በዚያው ሳምንት ወደ ሐኪሙ ይሂዱ። የመጨረሻውን አላይነርዎንና የፍጻሜውን የጥርስ ቅርጽ የያዘውን መዝገብ፣ ስምዎንና ቀኑን ጽፈው በአንድ ፖስታ ያኑሩ፤ ሪቴይነሩ የተሰበረብዎት በባሕር ዳርም ይሁን በሪያድ፣ በዚያ የሚያገኙት ሐኪም ከዚህ ተነሥቶ ሌላ ይሠራልዎታል።